ሙታንን አስተካክሎ መቁጠር ሕያዋንን ማዳን ነው

ስለ ጤና አጠባበቅ በተነገረ ቁጥር ብዙ ሰው ወዲያውኑ የሚያስበው የመጠጥ ውሃ ስለ ማፍላት፣ ቆሻሻን ስለ መቅበር፣ ዝንብንና ትንኝን ስለ ማጥፋት፣ እጅን በሳሙና ስለ መታጠብ ነው። ይህ አሳብ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የሰውን ሕይወት ያለ ጊዜው የሚቀጥፈውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ዐውቆ መከላከል የጤና አጠባበቅ ሥራ ከሆነ፣ በመንገድ ላይ በተሽከርካሪ የሚደርሰው ሞትና የአካል ጉዳት ከዚሁ ሥራ ውጭ ሊሆን አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል የመንገድ አደጋን የሚቀድመው ምክንያት የለም። ከሟቾቹም ከ100 ውስጥ 92ቱ የሞቱት አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ ተማሪን ከተቅማጥና ከወባ የሚጠብቅ አስተማሪ፣ ያንኑ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ደጅ አንሥቶ እስከ ቤቱ ድረስ ስለሚጠብቀው አደጋ ቢጠይቅ ከሥራው አልወጣም።

ስለ መንገድ አደጋ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተመክሯል። ነጂው ቀስ ብሎ እንዲነዳ፣ እግረኛው ግራና ቀኙን አይቶ እንዲሻገር፣ ሞተር ብስክሌት የሚጋልበው ራሱን እንዲከልል በየጊዜው ይነገራል። ይህ ምክር መልካም ነው። ነገር ግን ምክር ብቻውን በሽታን አጥፍቶ አያውቅም። ወረርሽኝ በገባበት ከተማ አስተዋይ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ታመመ? የት? በምን ጊዜ? ከየትኛው ምንጭ ጠጥቶ?» ብሎ ነው። ስለ መንገድ ሞት ግን ይህን ጥያቄ በሚገባ ጠይቀን በአንድ መዝገብ አልመለስንም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የፖሊስ መዝገብና የሐኪም ቤት መዝገብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተገናኙ፣ የተገናኘውም መረጃ በካርታ ላይ በየስፍራው ካልተመለከተ፣ በመንገድ ላይ የምናፈሰው ገንዘብና ድካም ግማሹ በጨለማ የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል።

በመጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሪፖርት ስለ ኢትዮጵያ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው ከአገሪቱ የቀረበው የአንድ ዓመት የሟቾች ቁጥር ሲሆን 4,352 ይላል። ሁለተኛው ድርጅቱ ራሱ በስሌት የገመተው ሲሆን 27,326 ይላል። በሁለቱ መካከል የ22,974 ሰዎች ልዩነት አለ፤ ግምቱ ከሪፖርቱ ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ግምት ምን ጊዜም ግምት ነውና እያንዳንዱን አኃዝ እንደ ተቆጠረ ገንዘብ አድርገን ልንወስደው አይገባም። ቢሆንም ግምቱ በግማሽ የተሳሳተ ነው እንኳ ብንል፣ አያሌ ሺህ ሰዎች ሞተው በሞታቸው ምክንያት በማንኛውም የመንገድ መዝገብ ላይ ያልተጻፉ መሆናቸውን መካድ አይቻልም። ያልተጻፈ ሞት ደግሞ በበጀት ጊዜ አይታሰብም፤ በዕቅድ ጊዜ አይታወስም፤ የገደለውም ስፍራ ሳይጠገን ይቀራል።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የማንንም ሰው ክፋት ወይም ስንፍና ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። አንድ እግረኛ በመኪና ተገጭቶ ወደቀ እንበል። የትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ስፍራውን ይለካል፤ የነጂውን ቃል ይቀበላል፤ ተጎጂው በሕይወት ስላለ «ከባድ ጉዳት» ብሎ ይጽፋል። ተጎጂው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ ከዚያም ወደ ሌላ የሚበልጥ ሐኪም ቤት ይላካል፤ በ12ኛው ቀን በአልጋው ላይ ያርፋል። የሐኪም ቤቱ መዝገብ «በጭንቅላት ጉዳት ሞተ» ይላል። ይህን ዜና ለፖሊስ ጣቢያው የሚያደርስ ሰው ከሌለ፣ በፖሊስ መዝገብ ላይ ያ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ በሕይወት ያለ ቁስለኛ ነው። በብዙ አገሮች በተለመደው አቆጣጠር አደጋ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ እስከ 30 ቀን ድረስ የሞተ ሁሉ በመንገድ አደጋ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ይህ ሕግ በወረቀት ላይ ቢኖርም፣ የ30 ቀኑን መንገድ ከአልጋ እስከ ፖሊስ ጣቢያ የሚመላለስ ሰው ካልተመደበ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም።

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ወደ ጥቁር አንበሳ ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ክልሎችም ቁስለኞች ይላካሉ። ስለዚህ በልደታ የሞተ ሰው ሁሉ በልደታ የተገጨ አይደለም፤ በልደታ የተገጨም ሁሉ በልደታ አይሞትም። የሐኪም ቤቱ መዝገብ ቁስሉን በሚገባ ያውቃል፤ ስፍራውን ግን አያውቅም። የፖሊሱ መዝገብ ስፍራውን ያውቃል፤ የቁስሉን ፍጻሜ ግን አያውቅም። አንዱ ዓይን ሌላው ጆሮ ነው፤ ተለያይተው ሳለ አንዳቸውም ሙሉ ሰው አይሆኑም።

ይህ እንዲያው በአሳብ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ባለው አውራ ጎዳና ላይ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተደረገና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የፖሊስንና የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎችን መዝገብ አስተያይቶ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ብቻቸውን የሞቱትንና የቆሰሉትን ሁሉ እንደማይዙ አመልክቷል። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ በሒሳብ ትምህርት ክፍል ሊታይ የሚገባው ነውና በምሳሌ እናስረዳው። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በአንድ ወረዳ የፖሊስ መዝገብ 60 ሟቾችን ቢይዝ፣ የሐኪም ቤት መዝገብ 50 ሟቾችን ቢይዝ፣ ስማቸው በሁለቱም መዝገቦች የሚገኘው 30 ቢሆኑ፣ በጠቅላላው የተጻፉት 60 ሲደመር 50 ሲቀነስ 30፣ ማለትም 80 ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሐኪም ቤቱ ካያቸው 50 ሰዎች ፖሊስ የጻፈው 30ውን፣ ማለትም ከ10 ውስጥ 6ቱን ብቻ መሆኑን እናስተውል። ፖሊስ በጠቅላላው ከሟቾች ከ10 ውስጥ 6ቱን የሚጽፍ ከሆነ፣ የእርሱ 60 የሚመጣው ከ100 ውስጥ ነው። ስለዚህ እውነተኛው የሟቾች ቁጥር ወደ 100 ይጠጋል፤ 20 ሰዎችም በሁለቱም መዝገቦች አልታዩም ማለት ነው። የዓሣ ተመራማሪዎች በሐይቅ ውስጥ ያለውን ዓሣ ሁሉ ሳያወጡ ለመቁጠር የሚያገለግላቸው ዘዴም ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚገኘው ግን ሁለቱን መዝገቦች አጠገብ ለአጠገብ በማስቀመጥ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ስፍራ ያልተጻፈበት ቁጥር ለለቅሶ ይሆናል እንጂ ለሥራ አይሆንም። የጤና አጠባበቅ ትምህርት የተማረ ሁሉ የሚያውቀውን የለንደኑን ሐኪም የጆን ስኖውን ታሪክ እናስታውስ። በ1854 እ.ኤ.አ. በሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በ10 ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሐኪሞች በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ስኖው ግን የሟቾችን ቤት አንድ በአንድ በካርታ ላይ ምልክት አደረገ፤ ምልክቶቹም በብሮድ ስትሪት በነበረው አንድ የውሃ መሳቢያ ዙሪያ ተከማችተው ተገኙ። ባለሥልጣኖቹም የመሳቢያውን እጀታ እንዲነቅሉ አደረገ። በዚያን ጊዜ ወረርሽኙ ወደ መብረድ ተቃርቦ እንደ ነበረ ስኖው ራሱ ተናግሯል፤ ታላቁ ትምህርት ግን ይህ ነው፤ ስለ መጥፎ አየር የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ያላሳየውን ነገር፣ ስፍራ በስፍራ የተጻፈ የሟቾች ዝርዝር አሳየ። የእኛም ከተማ የውሃ መሳቢያ እጀታዎች አሏት፤ እነርሱም መብራት የሌላቸው መሻገሪያዎች፣ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚታጠፍባቸው ሰፋፊ ማዕዘኖች፣ የእግረኛ ዳርቻ የተቋረጠባቸው ቦታዎች ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ሳይቆጠር አይታወቅም።

በዚህ ላይ አንድ የአጻጻፍ ልማድ መስተካከል አለበት ብለን እናምናለን። የአደጋ ሪፖርት ሲነበብ ዘወትር የሚገኘው ምክንያት «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» የሚል ነው። ይህ ለፍርድ ቤት የሚጠቅም ቃል ነው፤ ጥፋተኛውን ያሳያልና። ለዕቅድ አውጪ ግን የሚነግረው ጥቂት ነው። ነጂው ቅድሚያ ያልሰጠው ፍጥነቱ ከልክ ያለፈ ስለ ነበረ ነውን? እግረኛውን ያላየው መንገዱ ጨለማ ስለ ነበረ ነውን? የመሻገሪያው ቀለም ስለ ጠፋ ነውን? የቆመ ታክሲ ስለ ጋረደው ነውን? ከእነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዱ የራሱ መድኃኒት አለው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። «ትኩሳት» ብሎ ጽፎ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደማይመሰገን ሁሉ፣ «ቅድሚያ ባለመስጠት» ብሎ ጽፎ መንገድ የሚያሻሽል መሐንዲስም ሊኖር አይችልም።

ስለ ፍጥነት የታወቀውን እንኳ ብንወስድ ስፍራን የመለየት ጥቅም ይገለጻል። የአማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሚገድል አደጋ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ መኪና ፊት ለፊት የተመታ እግረኛ የመሞቱ ነገር፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከተመታው ጋር ሲነጻጸር 4 ከግማሽ እጥፍ ነው። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ፍጥነትን በጥቂት መቀነስ ብዙ ነፍስ ያድናል ማለት ነው። በከተማው ያሉትን መንገዶች ሁሉ በአንድ ቀን ለማረም ግን ገንዘብም ሰውም አይበቃም። ስለዚህ ከየትኛው መንገድ እንጀምር የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው መዝገቡ ብቻ ነው።

ስለ ሞተር ብስክሌትም አንድ የተረጋገጠ ታሪክ እናንሣ። ሂዩ ኬይርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም በ1935 እ.ኤ.አ. በሞተር ብስክሌት ወድቆ የሞተውን የታወቀውን እንግሊዛዊ ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበረ። የዚያ ሰው ሞት በኀዘን ብቻ እንዲያልፍ አላደረገም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 21 ወራት ውስጥ በብሪታንያ 2,279 የሞተር ብስክሌት ጋላቢዎችና አፈናጣጮቻቸው እንደ ሞቱ፣ ሞታቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከጭንቅላት ጉዳት እንደ መጣ ቆጥሮ በ1941 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር ሠራዊት በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ወታደሮቹ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ኬይርንስ በ1946 እ.ኤ.አ. እንደገና ቆጥሮ ሞቱ እንደ ቀነሰ አሳየ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግዴታ የሆነው ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ቆጠረ፤ ከዚያ አሳየ፤ ከዚያ ደንብ ወጣ፤ ከደንቡም በኋላ እንደገና ተቆጠረ። ሥርዓት ያለው ዕቅድ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ በብዙ ጥናቶች እንደ ተረጋገጠው፣ ሰዎች ሄልሜት የሚሉት የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላትን ጉዳት በ69 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህም የሚሆነው የአገጩ ማሰሪያ ሲታሰርና አፈናጣጩም ጭምር ሲያደርግ ነው።

በአዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ያለው ታሪክ ከዚህ ይለያል። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ሞተር ብስክሌቶች በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ፤ ኋላም ተመዝግበው ፈቃድ ያገኙት እንዲሠሩ ተፈቀደ። የክልከላው ዋና ምክንያት ሆኖ የተነገረው በሞተር ብስክሌት የሚፈጸመው ቅሚያና ወንጀል ነበር። የወንጀሉን ነገር ለሚመለከታቸው እንተወውና፣ ለጤና ሠራተኛ የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያ ውሳኔ የተሰበረ እግርና የተመታ ጭንቅላት በስንት ቀነሰ? ዛሬ ፈቃድ አግኝተው ምግብና ዕቃ ለማድረስ ቀኑን ሙሉ በሚሮጡት ወጣቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት እየበዛ ነውን ወይስ እያነሰ? በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ «የትራፊክ አደጋ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ፣ እግረኛውና ሞተር ጋላቢው፣ የራስ ቁር ያደረገውና ያላደረገው በአንድ መደብ ይቀላቀላሉ። በጽሑፉ ላይ ሁለት ቃላት ብቻ ቢጨመሩ፣ ማለትም ተጎጂው በምን ይሄድ እንደ ነበረና ራሱን ከልሎ እንደ ነበረ ቢጻፍ፣ ይህ ጥያቄ መልስ ባገኘ ነበር። በክልል ከተሞች ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ዋና የመጓጓዣ መሣሪያ በሆኑባቸው ስፍራዎች ደግሞ የእነዚህ ሁለት ቃላት ዋጋ እጅግ የበለጠ ነው።

በከተማችን ምንም አልተሠራም ብንል ሐሰት እንናገራለን። አዲስ አበባ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሉምበርግ የዓለም የመንገድ ደኅንነት መርሐ ግብር ውስጥ ገብታ፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የመንገድ ደኅንነት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ በፖሊስ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ዓመታዊ ሪፖርትም አሳትማለች። ከ2016 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በከተማው በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ፣ ከእነርሱም ከ4ቱ ከ3 የሚበልጡት እግረኞች እንደ ነበሩ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው። በ2009 ዓ.ም ገደማ በለገሀር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል መከለያ የእግረኛው ቦታ እንዲሰፋ፣ የመኪናው መታጠፊያ እንዲጠብ ተደርጎ ነበር፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ሳይፈስ መንገድን ማረም እንደሚቻል አሳይቷል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተከፈቱ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። እነዚህ ሁሉ የሚያስመሰግኑ ናቸው። ነገር ግን መልካም ሥራም ቢሆን መመዘን ይፈልጋል። መንገዱ ሲሰፋና ሲለሰልስ የእግረኛው ዳርቻ ይሻላል፤ የመኪናው ፍጥነት ደግሞ ሊጨምር ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደ በረታ የሚታወቀው፣ ከሥራው በፊት የነበረውንና ከሥራው በኋላ የመጣውን ጉዳት በዚያው ስፍራ ላይ በመቁጠር ነው።

ወደ ክፍለ ከተማችንና ወደ አዋሳኞቹ እንመለስ። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች በልደታ በኩል ያልፋሉ። ወደ ኮካና ወደ ጦር ኃይሎች ባለው ክፍል ባቡሩ በመሬት ላይ ሲሄድ ጎዳናውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሰውም መሻገሪያው ሲርቅበት አጥር ይዘላል። በሜክሲኮ አደባባይ ባቡር ጣቢያ፣ ታክሲና አውቶቡስ በአንድ ስፍራ ሕዝብ ያወርዳሉ። በተግባረ እድ፣ በሰንጋ ተራና በአብነት በኩል ተማሪና ገበያተኛ ይተራመሳል። ከእነዚህ ስፍራዎች አደገኛው የትኛው ነው? ሁላችንም የየራሳችን ግምት አለን፤ በሰፈራችን ያለው ሁልጊዜ የባሰ ይመስለናል። ለአንድ ኮሚቴ ግን የሚበጀው ግምት ሳይሆን በሦስት ዓመት ውስጥ በየስፍራው የሞቱትና በጽኑ የቆሰሉት በቀንና በሰዓት ተለይተው የተጻፉበት አንድ ገጽ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዱ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፤ ሰው ከተጻፈለት አያልፍም» ይላል። የሃይማኖትን ነገር ለሊቃውንቱ ትተን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ፤ ሞት ዕድል ብቻ ከሆነ በየዓመቱ ያንኑ ማዕዘን ለምን ይመርጣል? የተጻፈለት ሰው ሁሉ ከዚያው መሻገሪያ ላይ የሚገናኘው በምን ምክንያት ነው? ሌላው ደግሞ «ጥፋቱ የእግረኛው ነው፤ ሕዝባችን መሻገር አያውቅም» ይላል። ይህም ቢሆን በከፊል እውነት ይሆናል፤ ነገር ግን የ7 ዓመት ልጅ የመኪናን ፍጥነት ለመገመት አእምሮው ገና አልበሰለም፤ ሽማግሌም መሮጥ አይችልም። የሰውን ስሕተት የሚቀጣው ሞት መሆን የለበትም። ሦስተኛው «የሰው ስምና ደዌ በየቢሮው ሊዞር ነውን?» ብሎ ይሠጋል። ይህ ተገቢ ሥጋት ነው። መልሱም ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙት በተፈቀደላቸው ጥቂት ሠራተኞች እጅ እንዲሆን፣ ወደ ኮሚቴና ወደ ሕዝብ የሚወጣው ስፍራ፣ ሰዓት፣ ዕድሜና የጉዳት ዓይነት ብቻ እንዲሆን፣ ስም ከቶ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። አራተኛው «ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ይላል። የተጠየቀው ግን አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ ዛሬም በየቢሮው የሚጻፈውን ወረቀት ማገናኘት ነው።

እንዲያውም ሦስተኛ ወረቀት አለ። በ2005 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799፣ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ሁሉ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ነጻ የአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ሐኪም ቤቱም ወጪውን ከመድን ሰጪው ወይም ከፈንዱ እንዲጠይቅ ደነገገ። ይህ መብት እንዳላቸው የማያውቁ ቤተ ሰቦች ስላሉ መምህራን ቢያስተምሩት መልካም ነው። ለእኛ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሐኪም ቤቱ ገንዘቡን ለመጠየቅ የሚያዘጋጀው ሰነድ የሕክምናውን ሂሳብ ጉዳቱን ካደረሰው ተሽከርካሪ ጋር ያያይዛልና፣ ሁለቱን መዝገቦች የሚያስተሳስር ክር ሊሆን ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

እንግዲህ የምናሳስበው በአጭሩ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በየሐኪም ቤቱ የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ላይ አደጋው የደረሰበት ስፍራ በታወቀ ምልክት፣ ሰዓቱ፣ ተጎጂው በምን ይሄድ እንደ ነበረ፣ የራስ ቁር ወይም የደኅንነት ቀበቶ አድርጎ እንደ ነበረ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን የሐኪም ቤቱ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ የመንገዱና የመድኑ ሠራተኞች መዝገባቸውን ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ይገናኙ፤ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱትንም አስተካክለው ይጻፉ። ሦስተኛ፣ የተገናኘው መረጃ በካርታ ላይ ይመልከት፤ ከሁሉ የባሱት ስፍራዎች ተለይተው በየዓመቱ ጥቂቶቹ ይጠገኑ። አራተኛ፣ የተጠገነው ስፍራ ከጥገናው በፊትና በኋላ ይለካ። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓመት በአጋጣሚ ብዙ ሰው የሞተበት ስፍራ በሚቀጥለው ዓመት ምንም ሳይደረግለት ሊሻል ይችላልና፣ ሦስት ዓመት ከሦስት ዓመት ጋር ማስተያየት ይሻላል። አምስተኛ፣ ውጤቱ መልካምም ሆነ ክፉ ለሕዝብ ይነገር።

ለክቡራን መምህራን የሚቀረው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎች በአስተማሪያቸው መሪነት፣ ከግቢው ሳይወጡ ወይም በእግረኛው ዳርቻ ቆመው፣ በትምህርት ቤታቸው ደጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት መኪና እንደሚያልፍ፣ ስንቱ በመሻገሪያው ላይ ቆሞ እንደሚያሳልፍ፣ ከሚያልፉት ሞተር ብስክሌቶች ስንቱ ጋላቢና ስንቱ አፈናጣጭ የራስ ቁር እንዳደረገ ሊቆጥሩ ይችላሉ። ይህ ቁጥር በሠንጠረዥ ተጽፎ፣ በመቶኛ ተሰልቶ፣ በሥዕል ሲታይ የሒሳብ ትምህርት ነው፤ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲቀርብም አቤቱታ ብቻ ሳይሆን ማስረጃ ይሆናል። «በደጃችን አደጋ በዛ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ጠዋት ከ1 ሰዓት ከግማሽ እስከ 2 ሰዓት ከግማሽ ካለፉት መኪናዎች ለልጆች የቆሙት ይህን ያህል ብቻ ናቸው» የሚል ደብዳቤ መልስ ያገኛል። አደጋ ሲደርስም ቁስለኛውን እንዲሁ አንጠልጥሎ ከመሮጥ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ወይም የእሳትና ድንገተኛ አደጋን በ939 መጥራት እንደሚገባ፣ ከሐኪም ቤት ሲደረስም የአደጋውን ስፍራና ሰዓት ለመዝጋቢው መንገር የሚቀጥለውን ሰው ሕይወት እንደሚያድን ልጆችና ወላጆች ይወቁት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። የእኛ ችግር ግን እሳቱ የሚነሣበትን ስፍራ ሳናውቅ ቅጠሉን ይዘን መቆማችን ነው። ፖሊስ የሚያውቀውን ሐኪሙ ካወቀ፣ ሐኪሙ የሚያውቀውን መሐንዲሱ ካወቀ፣ ሦስቱ የሚያውቁትንም ሕዝቡ ካወቀ፣ ዛሬ ዕጣ ፈንታ የሚመስለን ሞት ስፍራው፣ ሰዓቱና መድኃኒቱ የታወቀ በሽታ ይሆናል። መድኃኒቱ የታወቀ በሽታ ሰው ሲገድል ዝም ብሎ ማየት ግን ለማንኛውም የጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ለማንኛውም የከተማ አስተዳደር የሚገባ አይደለም።